ኦጉቱና ያልተገደበው ጥቅል

ኦጉቱ ወሬ የሚወድ ሰው አልነበረም፤ ሬዲዮ ጠጋኝ ስለነበር ግን የአገሩ ወሬ ሁሉ በእጁ ያልፍ ነበር። በኮንያንጎ ገበያ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን፣ አንድ ሰው ከገባባት ሁለተኛው ደጅ የሚቀርባት የቆርቆሮ ሱቅ ነበረችው። እዚያች ውስጥ ጎንበስ ብሎ ሽቦ ሲያጣብቅ ሠላሳ ዓመት አለፈው። የተቃጠለ ሬዲዮ ሲያመጡለት ከመክፈቱ በፊት ያሸተዋል። «ይሄን መብረቅ ነው የመታው» ይላል፤ ወይም «ይሄን ሚስትህ ናት የወረወረችው፣ ምን አድርገሃት ነው?» ይላል። ተሳስቶ አያውቅም። ሁለተኛውን ሲል ባለ ሬዲዮው አቀርቅሮ ይስቃል።

ዘመኑ የስልክ ሲሆን ሬዲዮ የሚያመጣ ሰው ጠፋ። ኦጉቱ ሱቁንም አልዘጋ፣ ስልክንም አልወደደ። «ሬዲዮ ጨዋ ነው፤ ለሀብታሙም ለድኻውም ሞገዱን እኩል ይበትነዋል። ይሄ ግን ማን እንደሆንክ እያየ ነው የሚሰፍርልህ» ይል ነበር። ሰዎች የሽማግሌ ምቀኝነት ነው ብለው አለፉት። የሚያናድደው ነገር እውነቱን መሆኑ ነው።

የወንድሙን ነገር ሳያነሡ የኦጉቱን ሕይወት መናገር አይቻልም። በዚያ አገር የአባትን ግቢ የሚወርሰው የመጨረሻው ልጅ ነው፤ ታላቁ ሚስቱን ይዞ ይወጣና የራሱን ግቢ ያቀናል። ኦጉቱም እንደ ደንቡ ወጣ። እናታቸው አዶዮ በወንዙ አፋፍ ያለውን የታችኛውን ማሳ በከዘራዋ ጠቁማ «ያንተ ነው፤ ውለድበት፣ ሙትበት» አለችው። ጎጆ ቀለሰ፣ ዙሪያውን ቅንጭብ ተከለ፣ ሚስቱን ፔሬስን አስገባ። ወረቀት አልተጻፈም፤ እናት ፈርሚ አትባልም። መሬት የሚለኩት ሰዎች የመጡ ጊዜ ኦጉቱ በስኳር ፋብሪካው የኤሌክትሪክ ክፍል ተቀጥሮ ሩቅ ነበር። ታናሹ ኒያንዲኮ ግን ቅርብ ነበር። ለኪዎቹን ዶሮ አርዶ አበላቸው፤ የላይኛውንም የታችኛውንም ማሳ በአንድ ካርታ፣ በአንድ ስም፣ በራሱ ስም አስገባው።

ኦጉቱ ይህን ያወቀው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ፔሬስ ሞታ፣ እንደ ደንቡ ከቤቱ በስተግራ ቀብሯት፣ በላይዋ ሲሚንቶ አልብሶ ነበር። አንድ ቀን ከገበያ ሲመለስ ኒያንዲኮ ከመቃብሩ ራስጌ ቆሞ ጡብ ለሚያቃጥሉ ሰዎች አፈሩን ሲያሳይ አገኘው።

«ምንድን ነው የምታሳያቸው?» አለው።

«አፈሬን» አለ ኒያንዲኮ። «እንደዚህ ያለ ሸክላ በወንዙ ዳር የትም የለም። በተለይ እዚህ ጋ» ብሎ የፔሬስን ሲሚንቶ በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አደረገው።

ክርክሩ በዚያ ቀን ተጀመረ፤ አሥራ አንድ ዓመት ቆየ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እዚህ ላይ ወረቀቱን የያዘው ብልጡ ነበርና ለሞኙ የቀረው ክርክሩን መያዝ ብቻ ነበር። ጠበቃ አልነበረውም። የነበረው አንዲት ምስክር ናት። እናቱ መሬቱን በከዘራዋ ስትጠቁም አጠገቧ ቆማ የነበረች ጎረቤት፣ ሰማንያ ዓመት ሊሞላት ምንም ያልቀራት፣ ምላሷ ግን ገና ያላረጀ ዶርሲላ።

መዝገቡን የያዘችው ዳኛ ወደ ባሕሩ ጠረፍ ተዛውራ ስለነበር የቀሯትን አሮጌ ጉዳዮች የምትሰማው በስልክ መስኮት ነው። ባለጉዳይ ሁሉ ከያለበት ሊንኩን ይከፍታል፣ ፊቱ በትንሽ ሳጥን ውስጥ ይደረደራል፣ ተራው እስኪደርስ ይጠብቃል። ባለፈው ቀጠሮ ኦጉቱ ተራው ሊደርስ ሁለት ሰው ሲቀረው የገዛው ዳታ አለቀበት። ዳኛዋ በመዝገቡ ላይ አጭር ቃል አሰፈረች፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ከሳሽ ካልተገኘ ክሱ ይሰረዛል። በገበያው አንድ የኢንተርኔት ቤት ነበር፤ ባለቤቱ ግን የኒያንዲኮ የሚስቱ ወንድም ነው። ኦጉቱ እዚያ ገብቶ ከመቀመጥ ከጅብ ጋር ማደርን ይመርጣል።

ስለዚህ የቀረችውን አንዲት ትልቅ ሬዲዮ ሸጠ። ፔሬስ ማታ ማታ የሞተ ሰው ስም ሲነገር የምታዳምጥባት ነበረች። «እገሌ አረፈ» ሲል ፔሬስ ተነሥታ ነጠላ እራፊዋን ወገቧ ላይ ታስር ነበር፤ ሰውየውን ባታውቀውም። በሬዲዮዋ ዋጋ የስልኩ ኩባንያ በየግድግዳው ቀለም ቀብቶ የሚለፍፍለትን ያልተገደበ የወር ጥቅል ገዛ።

«ያልተገደበ ማለት ምን ማለት ነው ልጄ?» አላት የምትሸጠውን።

«መጨረሻ የለውም ማለት ነው። እስኪበቃህ!»

«ቀን ሙሉ ብከፍተውስ?»

«ጃዱኦንግ፣ ባሕር ነው አልኩህ እኮ» አለችው፤ ጃዱኦንግ ለሽማግሌ የሚሰጥ የክብር ስም ነው፤ ሰው ሲያታልሉም ይጠቅማል።

በወረቀቱ ግርጌ ጉንዳን ጉንዳን የሚያካክል ሌላ ጽሑፍ ነበር። ኦጉቱ ቀጭን ሽቦ የሚያይበት መነጽር ነበረው፤ ያን ቀን ግን ሱቁ ትቶት ነበር የመጣው። እንዲያውም ደስታው ሌላ ነበር። በገበያው እየዞረ «ያልተገደበ ነው የገዛሁት፣ ዘንድሮ ማንም አያቋርጠኝም» እያለ ላገኘው ሁሉ ተናገረ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው። ወሬውም ሮጦ ኒያንዲኮ ጆሮ ገባ።

አሁን አዶዮን ላስተዋውቃችሁ። የሞተችውን እናት አይደለም፤ በስሟ የተጠራችውን። የኒያንዲኮ ሴት ልጅ ናት፣ ሃያ ሁለት ዓመቷ፣ የመምህራን ኮሌጅ ተማሪ። በዚያ አገር የሟች ስም የወጣለት ሰው ሟቹን ይዞ ይኖራል። ኦጉቱ ልጅቱን ከአራስነቷ ጀምሮ «እማ» ነው የሚላት። ስትገባ ይነሣል፤ ስትቀመጥ ይቀመጣል። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች «ትልቁ አባዬ፣ ያቺን ጥጃ ስጠኝ» ብላው ጥጃዋን ከእናቷ ጉያ አውጥቶ ሰጥቷታል። እናትን እምቢ ያለ ሰው ቺራ ይይዘዋል፤ ሥጋው ከላዩ እየሟሸሸ፣ ሐኪም ሳያውቅለት ይሞታል።

ኒያንዲኮም ቢሆን፣ ያ ድንጋይ፣ ለዚህ ስም ይሸነፍ ነበር። አንድ ጊዜ በሌሊት ድንበር ገፍቶ አጥር ሲያጥር ልጅቱ «አባዬ፣ ይሄ የኛ አይደለም እኮ፣ ንቀለው» አለችው። በዓይኗ ትክ ብላ እያየችው ነበር። ሰውየው እንጨቶቹን አንድ በአንድ ነቀላቸው። ሚስቱ ለምን ብላ ብትጠይቀው «እናቴ ናት የተናገረችኝ» አለ። ይህን መንደሩ ሁሉ ያውቃል።

የቀጠሮው ቀን ጠዋት ኦጉቱ ተላጨ፣ ለፔሬስ ቀብር የገዛውን ኮት ለበሰ፣ ስልኩን ከማንጎው ሥር በጠረጴዛ ላይ በድንጋይ አስደግፎ አቆመው። ዶርሲላ የቤተ ክርስቲያን ነጭ ልብሷን ለብሳ መጣች።

«እኔ ለምስክርነት ስትጠራኝ ጥርስ ነበረኝ» አለችው ስትቀመጥ። «ዛሬ ካልጨረስክ ሬሳዬን አምጥተህ አስመስክረው።»

«ዛሬ ያልቃል እትዬ ዶርሲላ። ያልተገደበ ነው።»

«ያልተገደበ የእኔ ትዕግሥት ነው።»

ኦጉቱ ሊንኩን ከፈተ። ፊቶቹ ተደረደሩ። ከነሱ ውስጥ ኒያንዲኮ ክራባት አስሮ፣ በኢንተርኔት ቤቱ ነጭ ግድግዳ ሥር፣ ፎቶ ሊነሣ የተቀመጠ ሙሽራ መስሎ ይታያል። የኦጉቱ ተራ አርባ አንደኛ ነበር። ሦስተኛው ባለጉዳይ እየተናገረ ሳለ አዶዮ ስልክና ኮምፒውተር ታቅፋ በቅንጭቡ በር ገባች። ኦጉቱ ተነሣ።

«ትልቁ አባዬ፣ ሆትስፖት ክፈትልኝ፤ ባንተ ዳታ ልጠቀም። የኮሌጅ ምዝገባ ዛሬ ይዘጋል።»

«እማ፣ ዛሬ እኮ ችሎት ነው። ካባትሽ ጋር።»

«አውቃለሁ፤ አልረብሽህም። እዚያ ማዶ ነው የምቀመጠው።»

«ቢያልቅብኝስ?»

ልጅቱ ሳቀች። ክፋት የሌለው ሳቅ ነበር። «ያልተገደበ አይደል እንዴ? ያልተገደበ ነገር እንዴት ያልቃል?»

ኦጉቱ በእናቱ ቃል ለተሰጠ መሬት በሚሟገትበት ጠዋት እናቱን ከደጁ ሊመልሳት አይችልም። ዶርሲላ ከጎን በክርኗ ብትጎስመውም ከፈተላት። አዶዮ ሄዳ ጥላ ባለበት በፔሬስ ሲሚንቶ ላይ ተቀመጠች። ምዝገባው ያለቀው በሩብ ሰዓት ነው። ከዚያ ስልኳ ራሱን አደሰ፣ ኮምፒውተሯ ራሱን አደሰ፣ የኮሌጅ ጓደኞቿ የላኳቸው ፊልሞች መውረድ ጀመሩ። አንዱን ተከታታይ እየሳቀች እዚያው ማየት ያዘች። የአባቷን ተንኮል አላወቀችም። አባቷ «ሂጂና ከትልቁ አባትሽ ዘንድ ተጠቀሚ፤ እሱ መጨረሻ የሌለው አለው» ብሏት ነው የመጣችው። አማቹ ባለ ኢንተርኔት ቤቱ ግን ያልተገደበ የሚባለው ነገር በቀን የት ላይ እንደሚገደብ እንደ ስሙ ያውቅ ነበርና ኒያንዲኮን አስተምሮታል።

ሃያ ዘጠነኛው ባለጉዳይ ላይ የኦጉቱ ስልክ ጮኸ። መልእክት ነው። መነጽሩን አድርጎ አነበበው። «ውድ ደንበኛችን፣ የዕለቱን የፍትሐዊ አጠቃቀም መጠን ስላለፉ ፍጥነትዎ ቀንሷል። ያልተገደበ ጥቅልዎ ግን እንደቀጠለ ነው። ስለመረጡን እናመሰግናለን።»

«ምን ይላል?» አለች ዶርሲላ።

«እናመሰግናለን ይላል።»

በመስኮቱ ውስጥ ያሉት ፊቶች መንተባተብ ጀመሩ። ከዚያ ሁሉም ባሉበት ደረቁ፤ አንዱ አፉን እንደከፈተ፣ አንዷ ዓይኗን እንደጨፈነች።

«እማ፣ ልዝጋው?» ብሎ ወደ መቃብሩ ጮኸ።

«ዝጋው፣ እኔ ጨርሻለሁ!» አለች። ዕቃዋን ሰብስባ፣ ጉንጩን ስማው፣ «አምላክ ይርዳህ» ብላው ወጣች። ከልቧ ነበር ያለችው። ሆትስፖቱ ተዘጋ፤ ፊቶቹ ግን እንደደረቁ ቀሩ።

«ሌላ ግዛበት፣ ሌላ ጥቅል!» አለች ዶርሲላ። ሞከረ። ኩባንያው መለሰለት፤ ያልተገደበ ጥቅል በእጅዎ ስላለ ሌላ መግዛት አይችሉም። እጅ እግር የሌለው መልስ ነው፤ ግን መልስ ነው። በዶርሲላ ባለ ቁልፍ ስልክ የደንበኞች አገልግሎት ደወለ። ዘፈን ሰማ፣ ማስታወቂያ ሰማ፣ አንድ ተጫን ሁለት ተጫን ተባለ፤ በመጨረሻ እንደ ማር የጣፈጠ ድምፅ መጣ።

«ምን ልርዳዎት ውድ ደንበኛችን?»

«ልጄ፣ ቀነስንብህ የሚል መልእክት ልካችሁብኛል። እኔ ያልተገደበ ነው የገዛሁት።»

«አዎ አባቴ፣ ያልተገደበ ነው። አልተቋረጠብዎትም።»

«አይሄድም እኮ!»

«ይሄዳል አባቴ። በቀስታ ነው የሚሄደው።»

«ችሎት ላይ ነኝ! ዳኛ ፊት ነኝ! ለአንድ ሰዓት ብቻ መልሱልኝ።»

«ስሜትዎን እረዳለሁ። ስልክዎን አጥፍተው ያብሩት። ካልሆነ ገላጣና ከፍ ያለ ቦታ ይሂዱ።»

«ከፍ ያለ ቦታ ብሄድ ይፈጥናል?»

«ብዙ ደንበኞቻችንን ረድቷል» አለ ድምፁ። «ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ?»

ዶርሲላ ስልኳን ከእጁ ቀማችው። «አንቺ ልጅ፣ እናትሽ በሕይወት አለች?» አለቻት። መስመሩ ተዘጋ።

ኦጉቱ ዕድሜውን ሙሉ በሞገድ ያመነ ነው። ያችን ልጅ በሌላ ነገር ባያምናት በዚህ አመናት። የድሮ የመዳብ ሽቦ አወጣ፣ በረጅም ሸምበቆ ላይ ጠመጠመው፣ ጫፉን ስልኩ ላይ አሰረ። ከግቢው ጥግ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ኩይሳ ነበር። ኮቱን እንደለበሰ በጉልበቱና በክርኑ ወጣበት። ምስጥ እግሩን እየነከሰው፣ ሸምበቆውን በአንድ እጁ ወደ ሰማይ፣ ስልኩን በሌላው ፊቱ ላይ ይዞ ቆመ። ሬዲዮ ቢሆን ኖሮ ከባሕር ማዶ ያለውን ይሰማ ነበር። ኩባንያው ግን ሞገዱን አልነፈገውም፤ በሩቅ አገር ያለ አንድ ማሽን ቧንቧውን አጥብቦበት ነበር። ሰማይ ቢደርስ ለውጥ የለውም። ይህን የሚነግረው ሰው አጠገቡ አልነበረም፤ የምታውቀውም ከፍ በል ብላው ሌላ ስልክ አንሥታለች።

ዶርሲላ ከታች ሆና ጮኸች፦ «ምን ይታይሃል?»

«ዳኛዋ! ዳኛዋ ታየችኝ! ወደኔ እያየች ነው!»

እውነትም የዳኛዋ ፊት በመስኮቱ ላይ ነበር፤ ደረቅ፣ እስክሪብቶ እንደያዘች። ከሥሩ አርባ አንድ ቁጥር ተጽፏል። ተራው ነው። ኦጉቱ ጉሮሮውን ጠረገ። አሥራ አንድ ዓመት ያዘጋጀውን ንግግር ጀመረ፣ ድምፁም አልተንቀጠቀጠም። ስለ እናቱ ከዘራ ተናገረ። በዚያ ከዘራ የተጠቆመውን ዛፍ፣ ድንጋይ፣ የወንዙን መታጠፊያ አንድ በአንድ ጠራ። የተከለው ቅንጭብ ስንት ዓመት እንደሆነው ተናገረ። «ክብርት ዳኛ፣ ወንድሜ ካርታ አለው። እኔ መቃብር አለኝ። በእኛ አገር የትኛው እንደሚቀድም እርስዎ ያውቃሉ» አለ። ዶርሲላን ጠራት፤ እሷም ከኩይሳው ሥር ቆማ እጇን ወደ ላይ አንሥታ ማለች፣ ያየችውን ተናገረች፤ ማሽሟጠጧን ትታ፣ ረጋ ብላ። እንደዚያ ያለ ምስክርነት በዚያ ችሎት ተሰምቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። ያኔም አልተሰማም።

«ስላዳመጡኝ አመሰግናለሁ ክብርት ዳኛ» ብሎ ኦጉቱ አንገቱን ዝቅ አደረገ።

የዘገየው ድምፅ በዚህ ጊዜ ነው ተንጠባጥቦ የደረሰው። መጀመሪያ የዳኛዋ፦ «አቶ ኦጉቱ... ይሰማሉ?... አቶ ኦጉቱ?» ከዚያ ሳቅ፤ ሸምበቆ ይዞ አፉን ከፍቶ የደረቀውን ሽማግሌ ያዩ ባለጉዳዮች ሳቅ። ከዚያ እንደ ደወል የጠራ የኒያንዲኮ ድምፅ መጣ፦ «ክብርት ዳኛ፣ ወንድሜን አውቀዋለሁ። ማስረጃ ሲያጣ እንዲህ ነው ዝም የሚለው። በእሱ መጃጃል የችሎቱ ጊዜ ባይባክን።» ከዚያ እንደገና የዳኛዋ፦ «...ከሳሽ ባለመከታተሉ ክሱ ተሰርዟል። የቀጣዩ መዝገብ ባለጉዳይ።»

ኦጉቱ ንግግሩን የጀመረው መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ ነበር። ከኩይሳው ላይ ለመውረድ ረጅም ጊዜ ፈጀበት፤ ዶርሲላ እጁን ይዛ አወረደችው።

በማግስቱ ጠዋት ፍጥነቱ ሙሉ በሙሉ ተመለሰ። ስልኩ ያለ ምንም ማወላወል ከምድር ዳር እስከ ዳር ያለውን ሁሉ ያመጣለት ነበር፤ ኦጉቱ ግን አልከፈተውም። ይግባኝ እንዲል የመከሩት ነበሩ፤ እምቢ አለ። ኒያንዲኮ በመጠጥ ቤቱ ተቀምጦ «ጠበቃ አላቆምኩበትም፤ እናታችንን ነው የላክሁበት» እያለ ሲያስቅ ሰነበተ። ያ ሳቅ ዞሮ ዞሮ ኦጉቱ ሱቅ ደረሰ። ሰውየው ያን ቀን የያዘውን ብየዳ ሳይጨርስ ሱቁን ቆልፎ ሄደ።

በሁለተኛው ሳምንት ኒያንዲኮ ሰው ላከበት። «ጎጆህን ለጊዜው አልነካም፤ ሰው ነኝ። አፈሩን ግን ዓርብ እንጀምራለን። የፔሬስን አፅም ብታነሣ ይሻልሃል» የሚል ቃል ነበር። ኦጉቱ ሙት አይቀሰቀስም ብሎ መለሰ።

ዓርብ ጠዋት ዶዘሩ ቁልቁለቱን እያጓራ መጣ። ኒያንዲኮ አልመጣም፤ ሥራ አለኝ ብሎ ኪሱሙ ከተማ ሄዷል። ኦጉቱ ከመቃብሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ዶርሲላ ከኋላው ቆማለች። ዶዘሩ ቅንጭቡን ደርምሶ ሲገባ አዶዮ በሌላው በኩል እየሮጠች መጣች። ጫማ አላደረገችም፤ ዓይኖቿ አብጠዋል። ኦጉቱ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አልተነሣላትም።

«ትልቁ አባዬ፣ ሆትስፖት ክፈትልኝ!»

ሰውየው ቀና ብሎ አያት።

«አባዬን ልደውልለት ነው፣ በምስል። በተራ ስልክ ስደውል ድምፄን ሰምቶ ዘጋብኝ። ፊቴን ካየ አይዘጋብኝም። እዚህ መቃብሩ ላይ ቆሜ እናትህ ነኝ፣ አቁም እለዋለሁ። አጥሩን እንኳ ነቅሎልኛል፣ ታውቃለህ! ስልኬ ዳታ የለውም፣ ክፈትልኝ፣ ቶሎ በል!»

«ክፈትላት ኦጉቱ» አለች ዶርሲላ።

ኦጉቱ ስልኩን ከኮቱ ኪስ አወጣ። አውራ ጣቱ መስታወቱ ላይ አረፈ። መንደሩ ያሾፈበት ያ ሳቅ ሁሉ በጆሮው አለፈ መሰለኝ። «ልቋቋመው አልቻልኩም» ብሎ ኋላ ለዶርሲላ ነግሯታል።

«ጨርሰሽዋል እኮ» አላት። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። «አባትሽ ልኮሽ መጣሽ፣ ሚስቴ ላይ ተቀምጠሽ እየሳቅሽ ጨረስሽው።»

«አላወቅኩም! በፔሬስ አፅም እምላለሁ አላወቅኩም! እማ አይደለሁም?»

«እናቴ ሞታለች» አለ ኦጉቱ። «ላይ ግቢ ነው የቀበርናት። አንቺ የኒያንዲኮ ልጅ ነሽ።»

በዚያ አገር ከዚህ የከፋ ስድብ የለም። ስም የተሰጠውን ሰው ስሙን መንጠቅ በቁሙ መግደል ነው። ልጅቱ በጥፊ የተመታች ያህል ወደ ኋላ ተንገዳገደች። ዞራ በተደረመሰው ቅንጭብ በኩል ዳገቱን ይዛ ሄደች። አላለቀሰችም፤ ሩጫዋንም ትታ በዝግታ ነበር የምትሄደው።

የዶዘሩ ሹፌር ሞተሩን ዝቅ አድርጎ ትንሽ ጠበቀ። የሚያቆመው ስልክ አልተደወለለትም። ብረቱን አወረደ። ሲሚንቶው እንደ ደረቀ ቂጣ ሁለት ቦታ ተሰነጠቀ፤ ከሥሩ ኒያንዲኮ እንዳለው ጥሩ፣ ቀይ፣ ተጣባቂ ሸክላ ወጣ።

ዶርሲላ በኦጉቱ ፊት ዞራ ቆመች። ሌላ ጊዜ ብትሆን ታሽሟጥጠው ነበር። «አንተ ሰው» አለችው፣ «አሥራ አንድ ዓመት እናቴ ትመስክርልኝ ስትል ነበር። ዛሬ መጣችልህ፤ አባረርካት።»

ኦጉቱ ስልኩን አሁንም በእጁ ይዞ ነበር። ጥቅሉ ገና አሥራ ሁለት ቀን ይቀረዋል፤ ጠዋት ስለነበረ ፍጥነቱም ሙሉ ነው። ሆትስፖቱን ከፈተው፤ ከበርጩማው ተነሥቶም «እማ!» ብሎ ወደ ዳገቱ ተጣራ። የዶዘሩ ጩኸት ድምፁን ዋጠው፤ ልጅቱም የላይኛውን ግቢ በር አልፋ ገብታ ነበር።